ፈረስን የሚያሳክኩ ነፍሳት፦ ከጃን ሜዳ እስከ ቀበና

ፈረስ መሀል አዲስ አበባን ጨርሶ አልለቀቀም። ለዓድዋ በዓል ያሸበረቁ ፈረሰኞች ወደ ፒያሳ ይወጣሉ። የጃን ሜዳ ስምም ከፈረስ እሽቅድምድምና ከጉግስ ጋር ይነሳል። የቤተ መንግሥት ፈረሶች ኃላፊ መጠሪያ የነበረው «ባልደራስ» ዛሬ የሰፈር ስም ነው። ግርማቸው ብዙ ተወርቶለታል፤ ቆዳቸውን ስለሚበላቸው ነገር ግን እምብዛም።

ዋናዋ ጥፋተኛ ሚጢጢ ትንኝ ናት። ሳይንሱ ኩሊኮይድስ ይላታል። ርዝመቷ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ደም የምትመጠው ሴቷ ብቻ ናት። ሁሉም ፈረስ ግን አይታመምም። አንድ ጋጣ ውስጥ አንዱ ሲሰቃይ ጎረቤቱ ምንም አይለውም። ነገሩ አለርጂ ነው፦ የፈረሱ ሰውነት ከትንኟ ምራቅ ጋር ይጣላል። ዝንባሌው በዘር እንደሚወርድ ይታመናል። አይስላንድ ተወልደው ወደ ዋናው አውሮፓ የተወሰዱ ፈረሶች በዚህ ክፉኛ ይጠቃሉ። በልጅነታቸው አያውቋትማ።

ፈረሱ ጋማውንና የጭራውን ሥር ከአጥር ጋር ያሻሻል። ፀጉሩ ይረግፋል፣ ቆዳው ይቆስላል፣ ሲከርም ይወፍርና ይጨማደዳል። ይህ አለርጂ ወደ ሌላ ፈረስ አይጋባም። የሚጋባው እከክና ጭርት ነው። ጭርት ክብ ክብ አድርጎ ይመልጣል፤ በጋራ ብሩሽም ይተላለፋል። ስለዚህ መድኃኒት ከመግዛት በፊት ሐኪም ቢያየው ይሻላል።

ፈረሱ እግሩን ደጋግሞ መሬት ላይ የሚመታ ከሆነ ደግሞ ተናዳፊውን ዝንብ ጠርጥሩ። የቤት ዝንብ ይመስላል፤ ግን ይነክሳል። የሚራባው ሽንትና ፋንድያ በነካው የበሰበሰ ገለባ ውስጥ ነው። ከእንቁላል እስከ ዝንብ ለመድረስ ሳምንታት ይፈጅበታል። ገለባው በየሳምንቱ ከወጣ ዑደቱ ይቆረጣል። በ2012 ዓ.ም. አትክልት ተራ ለጊዜው ወደ ጃን ሜዳ ሲዛወር ያየ ሰው የበሰበሰ ነገር ዝንብ እንዴት እንደሚጠራ አይነገረውም።

ትንኟ እርጥብ ጭቃ ትወዳለች። የቀበናና የግንፍሌ ወንዞች ዳርቻ ያለ ጋጣ በተለይ ክረምቱ ሲያልቅ መጠንቀቅ አለበት። ብዙ የምትነክሰው ማለዳና ምሽት ላይ ነው። በእነዚያ ሰዓታት ፈረሱን ጋጣ ውስጥ ማቆየት፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ከማንኛውም ቅባት ይበልጣል። ደካማ በራሪ ስለሆነች ጋጣ ውስጥ የተሰቀለ ቬንትሌተር ያባርራታል። ተራ የወባ አጎበር ግን ቀዳዳው ሰፊ ነው፤ ሾልካ ታልፋለች። ጭስ ይረዳል ይባላል። በተዘጋ ጋጣ ውስጥ ግን የፈረሱን ሳንባ ይጎዳል።

ፐርሜትሪን የተባለ ፀረ ነፍሳት ያለበት መርጫ ይሠራል፤ ለድመትና ለዓሣ ግን መርዝ ነው። የተረፈውን ወንዝ ውስጥ መድፋት አይገባም። ጋዝ ወይም የተቃጠለ ዘይት መቀባት ቆዳውን ያቃጥላል። ነጭ ሽንኩርት መኖ ውስጥ የሚጨምሩም አሉ። ትንኝ ማባረሩ አጠራጣሪ ነው፤ ሲበዛ ደግሞ የፈረሱን ደም ያሳንሳል። የቆሰለውን በቀዝቃዛ ውኃ ማጠብ ፋታ ይሰጣል። ሐኪም የሚያዘው የስቴሮይድ መርፌም ማሳከኩን ያስታግሳል፤ ከተደጋገመ ግን የሰኮና ሕመም ሊያስከትል ይችላል።

የሚገርመው፣ ሽማግሌዎቻችንና ካህናቱ ዝንብ የሚከላከሉበት ጭራ ከፈረስ ጅራት የሚሠራ ነው። የፈረሱን ጭራ ለማሳመር ብሎ ማሳጠር መሣሪያውን መንጠቅ ነው።

ይህችው ትንኝ የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለውን ገዳይ ቫይረስም ታስተላልፋለች። ለዚህ ክትባት አለ። ቢሾፍቱ ያለው የአገራችን የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም ራሱ ያመርተዋል።