«ውሻ ናት፣ ራሷ ታውቃለች» እና ሌሎች በግቢያችን የሰማኋቸው ስህተቶች

ውሻዬ ዘቢብ ባለፈው ክረምት ስትወልድ ግቢያችን አራስ ጥየቃ የገባበት ቤት መስሎ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ምክሩን ይዞ መጣ። የፊት ለፊቷ እትዬ አጥሚት በፔርሙስ ይዘው ከተፍ አሉ። ዘበኛችን ጋሼ ደግሞ «ተዉአት፣ ውሻ ናት፣ ራሷ ታውቃለች» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ሁለቱ ደግ ሰዎች የማይስማሙ ቢመስሉም ስህተታቸው አንድ ነው። እትዬ ውሻዋን ወይዘሮ አደረጓት፤ ጋሼ የበረሃ ቀበሮ አደረጓት። ዘቢብ ግን ሁለቱንም አይደለችም። ከዚያ ወዲህ የሰማሁትን ሁሉ እያነበብሁም፣ የእንስሳት ሐኪማችንን እየጠየቅሁም አጣርቼዋለሁ።

«ጡቷ ካጋተ አርግዛለች»

የግድ አይደለም። ወንድ የምትፈልግበት ወቅት ካለፈ በኋላ፣ ብታረግዝም ባታረግዝም፣ እርግዝናን የሚደግፈው ፕሮጄስትሮን የተባለ ሆርሞን በውሻዋ ደም ውስጥ ሁለት ወር ያህል ይቆያል። ኋላ እሱ ሲቀንስ ሰውነቷ የወለደች ይመስለዋል፤ ሆዷ ይነፋል፣ ጡቷ ያጋታል፣ አንዳንዷም ያረጀ ካልሲ አቅፋ እንደ ቡችላ ትጠብቃለች። አብዛኛውን ጊዜ በሁለት በሦስት ሳምንት በራሱ ይተዋታል። «ላስተንፍሳት» ብላችሁ ካለባችኋት ግን ወተቱ ይብስባታል። ከፋርማሲ የሚገዛው የሴቶች የእርግዝና መመርመሪያም አይረዳም፤ የሚፈልገው ሆርሞን ውሻ ውስጥ የለም። ቁርጡ የሚታወቀው ከተገናኘች ከ25 ቀን ገደማ በኋላ በአልትራሳውንድ ነው። ስንት እንደሆኑ ለመቁጠር ከ55ኛው ቀን በኋላ የሚነሳ ራጅ ይሻላል፤ አጥንታቸው ጠንክሮ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ያኔ ነው።

«ሦስት ወር ትሸከማለች»

63 ቀን ገደማ ነው። በእኛ አቆጣጠር ሂሳቡ ቀላል ነው፤ ሁለት ወር ከሦስት ቀን። ዘቢብ ግንቦት 12 ተገናኝታ ሐምሌ 14 ወለደች። ጳጉሜን በመካከል ከገባች ግን ተጠንቀቁ፤ ነሐሴ 10 የተገናኘችውን ውሻ እስከ ጥቅምት 13 ብትጠብቋት አምስት ቀን ተሳስታችኋል። የወንዱ ዘር በማህፀኗ ውስጥ እስከ አንድ ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል፣ ከመገናኘት እስከ መውለድ ያለው ጊዜ ከ57 እስከ 72 ቀን ሊደርስ ይችላል። በዚያው ሰሞን ሁለት ወንዶች አግኝተዋት ከሆነም በአንድ ማህፀን የሁለት አባት ልጆች ልትይዝ ትችላለች።

«ለብዙ ነፍስ ነው የምትበላው፤ ከዛሬ ጀምሮ እጥፍ ይሰጣት»

በመጀመሪያዎቹ አምስት ሳምንታት ጽንሶቹ እጅግ ትናንሽ ስለሆኑ ከወትሮው የበለጠ መብላት አያስፈልጋትም። እንዲያውም በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ለጥቂት ቀን ምግብ ልትጠላ ትችላለች። ከስድስተኛው ሳምንት ወዲህ መጠኑ ቀስ በቀስ ተጨምሮ ወደ መጨረሻው ከወትሮው እስከ ግማሽ ያህል ይበልጣል፤ ቡችሎቹ ሆዷን ስለሚያጣብቡት ግን በቀን ሦስት አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ማቅረብ ነው። እውነተኛው ረሃብ የሚመጣው ከወለደች በኋላ ነው። ቡችሎቹ ሦስትና አራት ሳምንት ሲሆናቸው ከወትሮዋ ሁለት ሦስት እጥፍ ትበላለች። እኛ ዘንድ የሚሆነው ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ስታረግዝ እናቀማጥላታለን፣ ስታጠባ እንረሳታለን።

የምትበላውም ያሳስበኛል። ከማዕድ የተረፈ ወጥ ያረፈበት ፍትፍት በብዙ ቤት የውሻ ቀለብ ነው። ወጣችን ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሆንም። ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ መብሰሉም መርዙን አያጠፋውም። በበዓል በግ ሲታረድ የሚወረወርላት ጥሬ ሳንባና ጉበት ከዚህም የባሰ ነው። በሳንባና በጉበት ላይ የሚታየው ውሃ የቋጠረ እብጠት የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ትንሽ ትል ጽንስ የያዘ ነው። ውሻዋ ስትበላው ትሉ አንጀቷ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሯ ጋር ይወጣል፣ ከዚያ በልጆች እጅ ወደ አፍ ይገባና በሰው ጉበት ውስጥ ያው እብጠት ይሆናል። እብጠት ያለበትን መቅበር ወይም ማቃጠል፣ ጤነኛውንም በደንብ ቀቅሎ መስጠት ነው። ሩዝ በተቀቀለ ሥጋ፣ እንቁላል፣ አቅም ካለ ለቡችላ ተብሎ የሚሸጠው ደረቅ ምግብ ይበቃታል። የእትዬ አጥሚትም ክፉ አልነበረም፤ ዘቢብ አሽታ ተወችው እንጂ።

«አጥንት እንዲያጠነክር ካልሲየም ትውሰድ»

ይህ ምክር ለሰው እናት ጥሩ ስለሆነ ለውሻም የሚሠራ ይመስላል። በእርግዝና ወቅት ካልሲየም በክኒን ሲጨመርላት ግን ሰውነቷ ከራሷ አጥንት ካልሲየም አውጥቶ የመጠቀም ሥራውን ያዘገያል። ወልዳ ወተቱ ሲበረታ ያ ሥራ በድንገት ሲፈለግ አይገኝም። የደሟ ካልሲየም ያሽቆለቁላል፤ ታለከልካለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ እግሯ ይገተራል፣ ከዚያ መንፈራገጥ ይመጣል። በተለይ ብዙ ልጆች ያሏቸው ትናንሽ ውሾች ላይ፣ ከወለዱ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይታያል። ሐኪም በደም ሥር ካልሲየም ቀስ አድርጎ ካልሰጣት በሰዓታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። መንቀጥቀጥ ስታዩ እስኪነጋ አትጠብቁ።

«ራሷ ታውቃለች»

ጋሼ እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አላቸው። አብዛኞቹ ውሾች ያለ ሰው እርዳታ ይወልዳሉ። የእኛ ድርሻ ማዋለድ ሳይሆን ማየት ነው። የዘቢብን ሙቀት ከሐምሌ 8 ጀምሮ ጠዋትና ማታ በቴርሞሜትር እለካ ነበር። ወትሮ 38 ከምናምን የነበረው ሐምሌ 13 ማታ 36.9 ሆነ። ሙቀቱ ከ37.2 ገደማ በታች ሲወርድ ምጡ በአብዛኛው በ24 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል። ሌሊቱን አልጋዬ ሥር የነበረውን ምንጣፍ ስትቆፍር አደረች፤ ምግቧን አልነካችም፣ ታለከልካለች። ይህ የመጀመሪያው ምጥ ከ6 እስከ 12 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል።

የሚያስጨንቀው ቀጥሎ ያለው ነው። በኃይል እያማጠች ግማሽ ሰዓት አልፎ ቡችላ ካልወጣ፣ ሆዷ ውስጥ ሌላ መኖሩ እየታወቀ ሁለት ሰዓት ካለፈ፣ ወይም አንድም ሳይወለድ አረንጓዴ ፈሳሽ ከታየ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። አረንጓዴው የእንግዴ ልጁ ከማህፀን መላቀቁን ይናገራል፤ ከመጀመሪያው ቡችላ በኋላ ከሆነ ግን የተለመደ ነው። በእግሩ የመጣ ቡችላ ደግሞ እንደ ሰው ልጅ አያስደነግጥም፤ ከአሥሩ አራቱ ያህል እንዲሁ ይመጣሉ። «የምጥ መርፌ» የሚባለውን ሳይመረመር አታስወጓት፤ መንገዱ ተዘግቶ ከሆነ ማህፀኗን ሊያፈነዳው ይችላል።

«የሰው እጅ ከነካቸው ትበላቸዋለች»

የሚያምናችሁ ውሻ እጃችሁ ቢነካቸው ልጆቿን አትጥልም። ልጆቿን የምትጎዳው በአብዛኛው በጭንቀትና በሁከት ነው፤ ስለዚህ ሃያ ልጅ ተሰልፎ የሚገባበት አራስ ጥየቃ ይቅር። «እንደ አራስ ነብር» የምንለው በከንቱ አይደለም። እኔ በየቀኑ ቡችሎቹን አንድ በአንድ በኩሽና ሚዛን እመዝናለሁ። በሳምንት፣ ቢዘገይ በአሥር ቀን፣ የተወለዱበት ክብደት እጥፍ መሆን አለበት። የማይጨምረው ቡችላ ሳያለቅስ ታሟል ማለት ነው።

«ቀዝቅዞ የተገኘ ቡችላ ትኩስ ወተት ይሰጠው»

በሁለተኛው ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከስድስቱ አንዱ ከሳጥኑ ጀርባ ተንሸራትቶ ወድቆ አገኘሁት። እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል፤ አፉ ሲከፈት ውስጡ ነጭ ነው። እህቴ የላም ወተት ልታሞቅ ወደ ኩሽና ሮጠች። አስቆምኋት። የቀዘቀዘ ቡችላ አንጀት አይንቀሳቀስም፤ የገባው ወተት ሳይፈጭ ይቀራል ወይም ወደ ሳንባው ይገባል። ሸሚዜ ውስጥ፣ ደረቴ ላይ አድርጌ፣ በላዩ ነጠላ ደርቤ ተቀመጥሁ። አንድ ሰዓት ተኩል አልፎ ሰውነቱ ሲለሰልስ፣ ከንፈሩም ሲቀላ ጣቴን መፈለግ ጀመረ። ያኔ ወደ ዘቢብ ጡት መለስሁት።

ቡችላ በመጀመሪያው ሳምንት መንቀጥቀጥ እንኳን አይችልም፤ ሙቀቱ ሁሉ ከውጭ ነው። የተኛበት ቦታ 30 ዲግሪ ገደማ መሆን አለበት፤ የአዲስ አበባ የሐምሌ ሌሊት ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። በጨርቅ የተጠቀለለ የሙቅ ውሃ ላስቲክ በሳጥኑ አንድ ወገን ብቻ ይቀመጥ፤ ሲበዛባቸው የሚሸሹበት ወገን ያግኙ።

የላም ወተትም ራሱን የቻለ ስህተት ነው። የውሻ ወተት ከላም ወተት እጥፍ የሚሆን ፕሮቲንና ስብ አለው፣ የወተት ስኳሩ ግን ያንሳል። የላሙ ቡችላውን ያስቀምጠዋል፣ አያሳድገውም። የእናቱን እንገር ደግሞ ምንም አይተካውም። በእንገሩ ያለው የበሽታ መከላከያ ወደ ደሙ የሚገባው በመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ አንጀቱ በሩን ይዘጋል።

«ዓይናቸው አልተገለጠም፤ በጣት ክፈቱላቸው»

አትክፈቱ። ዓይን ከ10 እስከ 14 ቀን፣ ጆሮ ከዚያ ትንሽ ዘግይቶ ይከፈታል። ሲገለጥ ሰማያዊ መምሰሉም «ፈረንጅ ሆነ» አያሰኝም፤ ቀለሙ ይለወጣል። ዓይናቸው ሳይገለጥ ከሽፋኑ ሥር ካበጠ ግን ሐኪም ይየው። እስከ ሦስተኛው ሳምንት ሽንትና ዓይነ ምድራቸውን የምታወጣላቸው እናትየው ናት፣ እየላሰች። እናት የሞተችባቸውን ቡችሎች የምታሳድጉ ከሆነ ይህን በእርጥብ ጥጥ እናንተ ትሠሩታላችሁ።

ሆዱ ከበሮ የሆነውን ቡችላ «ጠግቧል» ማለትም አለ። ብዙ ጊዜ ትል ነው። ወስፋት የሚመስለው የውሻ ትል ገና በማህፀን ሳሉ ከእናታቸው ይተላለፋል፤ ስለዚህ መድኃኒቱ በሁለት ሳምንታቸው ተጀምሮ እስከ ስምንተኛው ሳምንት በየሁለት ሳምንቱ ይሰጣል።

«በወሩ ወስደህ ጨለማ ቤት ካሰርኸው ኃይለኛ ይሆናል»

ይህኛው ያናድደኛል። ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ገደማ ቡችላ ዓለምን የሚማርበት ጊዜ ነው። ሲነክስ የወንድሙ ጩኸት ንክሻውን ማላላት ያስተምረዋል። በዚህ ጊዜ ልጅ፣ መኪና፣ ነጎድጓድ፣ የእንግዳ እግር ካላየ ሲያድግ ሁሉን ይፈራል፤ ጨለማ የሚያወጣው ፈሪ ነው። ፈሪ ውሻ ሌባውንም ልጃችሁንም ሳይለይ ይነክሳል። ስለዚህ ቡችላ ከእናቱ የሚለየው በስምንት ሳምንቱ ነው።

«ቡችላ አያብድም» የሚሉም አሉ። ያብዳል። የእብድ ውሻ በሽታ ዕድሜ አይመርጥም። ያላወቃችሁት ቡችላ ቢነክሳችሁ ወይም ቢቧጭራችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ቡችላው ራሱ በሦስት ወሩ ይከተባል፤ እናቱም ከማርገዟ በፊት ብትከተብ ይመረጣል።

ቀሪው ወሬ «ለጤናዋ አንድ ጊዜ መውለድ አለባት» የሚለው ነው። መውለድ ለጤናዋ የሚጨምርላት ነገር የለም፤ ማህፀኗ ካልወጣ እንዲያውም በስተእርጅና መግል የመያዝ አደጋ አለ። የዘቢብ ወተት እንደደረቀ ማምከኛ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ይዤላታለሁ። ጋሼ ግን በየጠዋቱ ደጃፉ ላይ እያዩዋት «ምን አጥፍታ ነው?» ይሉኛል።