ኮፈን ሥር የሚያድሩ አይጦች፦ ሰው የሚለውና እውነታው

ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ መኪናዬን ሳስነሳ ሞተሩ ተንቀጠቀጠ። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫዋ የሞተር መብራት በራች። ኮፈኑን ከፈትኩ። ባትሪው ላይ የደረቀ እንጀራ፣ የተጋጠ የዶሮ አጥንትና ከኮፈኑ ገበር የተቦጫጨቀ ጥጥ መሳይ ነገር ተከምሯል። ከሥሩ ሁለት ሽቦዎች መዳባቸው እስኪታይ ተልጠዋል። ለጎረቤት፣ ለጥበቃው፣ ለመካኒኩ ስናገር ሁሉም መፍትሔ አላጣም። ጥቂቱን ሞከርኩት፤ ቀሪውን አጣራሁ። አብዛኛው ልክ አልነበረም።

«አይጥ የሚገባው ቆማ የከረመች መኪና ውስጥ ነው»

የእኔዋ በየቀኑ ሥራ ትሄዳለች። አንድ ሌሊት ይበቃል። ማታ ገብታ የቆመች መኪና ሞተሯ ለሰዓታት ሙቀት ይይዛል፤ በሐምሌ ብርድ አይጥ ከዚህ የተሻለ ማደሪያ ከየት ያገኛል? እርግጥ ነው፣ ለሳምንታት የቆመች መኪና ጎጆ ለመሥራትና ለመውለድ ጊዜ ስለምትሰጥ ጉዳቱ ይብሳል።

«የዘመኑ ሽቦ ከአኩሪ አተር ስለሚሠራ ይጣፍጣቸዋል»

አሜሪካ ውስጥ የመኪና ባለቤቶች ይህንኑ ብለው አምራቾችን ከሰዋል። ነገር ግን የአይጥ የፊት ጥርሶች ዕድሜ ልኩን ማደግ አያቆሙም፤ ያገኘውን ሁሉ መቆርጠም ተፈጥሮው ነው። የጎማ ቱቦም ስፖንጅም ይቆርጣል። የአኩሪ አተር ነገር ሳይሰማ በፊት የተሠሩ መኪኖችም ሽቦዎቻቸው ተበልተዋል።

«ኤሌክትሪክ መኪና አይነኩም»

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ይህን የሚሉ በዝተዋል። የኤሌክትሪክ መኪና ኮፈን ሥርም ሽቦ ሞልቷል፤ ጨለማና መጠለያም አለ። አንድ ነገር አደራ፦ ብርቱካናማው ወፍራም ገመድ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያልፍበት ነው። ተቦጭቆ ካያችሁት በእጃችሁ አትንኩት፤ ባለሙያ ጥሩ።

«ሚጥሚጣ በትኑበት፣ ናፍታሊን ጣሉበት»

የሚጥሚጣው ሐሳብ ከመሬት የተነሣ አይደለም። በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገው ካፕሳይሲን አይጥንም ያቃጥላል፤ ሆንዳ ይህ ንጥረ ነገር ያለበት የሽቦ መጠቅለያ ፕላስተር ይሸጣል። ፕላስተሩ ግን ሽቦው ላይ ተጣብቆ ይቆያል። የተበተነ ዱቄት ሲነዳ ይበናል። ወደ መኪናው ውስጥ አየር የሚገባው ደግሞ ከፊት መስታወቱ ግርጌ፣ እዚያው ኮፈኑ ጫፍ ላይ ነው። ማራገቢያውን ስከፍተው ሚጥሚጣው ፊቴ ላይ መጣ። ልጄ ከኋላ ተቀምጣ እያሳለች ዓይኗን ታሻለች። መኪናዋን ዳር አስይዤ በሩን ሁሉ ከፈትኩ። ናፍታሊንም በዚያው መንገድ ይገባል፤ እሱ ደግሞ መርዝ ነው። በተለይ በአንዳንድ ጨቅላ ሕፃናት ላይ ትነቱ ቀይ የደም ሕዋስን እስከ ማፍረስ ይደርሳል።

«የአይጥ መርዝ አድርጎ መገላገል ነው»

እባካችሁ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ብዙዎቹ የአይጥ መርዞች የሚገድሉት ደም እንዳይረጋ በማድረግ ነው፤ ይህም ቀናት ይወስዳል። አይጡ መርዙን በልቶ የሚመለሰው ወደ ሞቃት ጎጆው ነው፤ ማለትም ወደ መኪናችሁ። የአየር ቱቦው ውስጥ ከሞተ ዳሽቦርዱ ካልተፈታ ላይወጣ ይችላል። የተመረዘ አይጥ የበላ ድመት ወይም ውሻም ሊሞት ይችላል። ግቢው ውስጥ ልጆች ካሉማ ጨርሶ አታስቡት። ወጥመድ ይሻላል፤ አይጥ በሚሄድበት መስመር፣ ግድግዳ ጥግ ጥጉን ይቀመጥ።

«ድመት ካለ አይጥ የለም»

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ድመቶችንና አይጠ መጎጦችን ለ79 ቀናት በካሜራ ተከታትሏል። ድመቶቹ የገደሉት 2 ብቻ ነው። ድመት ትንሿን አይጥ ትይዛለች፤ ትልቁን አይጠ መጎጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ትተወዋለች። ድመቷ ራሷም ሙቀት ፍለጋ ሞተሩ ሥር ትገባለች። ጠዋት ከማስነሳታችሁ በፊት ኮፈኑን በመዳፋችሁ ሁለት ሦስቴ ምቱት። ብዙ ድመት በሚሽከረከረው ቀበቶና ማራገቢያ ተጎድቷል።

«ናስትሮ ጠቅልሎ መንዳት ነው»

እኔ ያየሁት ሁለት ሽቦ ነው። መካኒኩ ከሥር ገብቶ ሦስተኛ አገኘ፤ ወደ ፍሬኑ የሚሄድ። የተላጠ ሽቦ ከብረት ሲገናኝ ሾርት ያደርጋል፣ እሳትም ያስነሳል። ቤንዚን ከሸተታችሁ ጭራሽ አታስነሱ፤ የነዳጁን ቱቦ ነክሰውት ሊሆን ይችላል። ኩሱንም በደረቁ አትጥረጉ። በረኪና በውሃ በጥብጣችሁ አርጥቡት፣ 5 ደቂቃ ጠብቁና ጓንት አድርጋችሁ አንሡ። የአይጥ ሽንት ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታ ያስተላልፋል።



  

«ኢንሹራንስ አለኝ»

በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የግድ የሚገባው የሦስተኛ ወገን መድን መኪናችሁ በሌላ ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ነው፤ የራሳችሁን ሽቦ አያስጠግንም። ሙሉ ኢንሹራንስ ካላችሁ ደግሞ «አይሸፍንም» የሚለውን የውሉን ክፍል ዛሬውኑ አንብቡ።

«የእኛ ግቢ ንጹሕ ነው፤ ከጎረቤት ነው የሚመጡት»

እኔም የምለው ይህንኑ ነበር። በኋላ ያ እንጀራና ያ የዶሮ አጥንት ትዝ አለኝ። የውሻችን ሳህን ከመኪናዋ የፊት ጎማ 3 እርምጃ ቢሆን ነው። ማታ ትርፍራፊ ይደረግለታል፤ ያልበላው እዚያው ያድራል። አይጡ እራቱን የሚያገኘው ከእኛው ቤት ነበር፤ የቀረውን ተሸክሞ ሞተሩ ላይ ይወጣል።

አሁን ውሻው 12 ሰዓት ላይ ይበላል፤ ሳህኑ ታጥቦ ወጥ ቤት ይገባል። የዶሮ መኖው ከጆንያ ወጥቶ ክዳን ያለው በርሜል ውስጥ ሆኗል። ከመኪናዋ ጀርባ የነበረውን የጣውላ ክምር አነሳን። ትንሿ አይጥ በእርሳስ ውፍረት ቀዳዳ ታልፋለችና የዕቃ ቤቱን በር ሥር በሽቦ ወንፊት ዘጋን። ማታ ማታ ኮፈኑን ከፍቼ በባትሪ አያለሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ የተቦጨቀ ጨርቅ አገኘሁ። እሱንም ሳላሳድር አነሳሁት።