ሜዲኬድ ከወጪ በታች እየከፈለ ትንሹን ሆስፒታል እንዴት ይጠቅማል?

ጥያቄው ስለተደጋገመ በቀላሉ ላስረዳ። የሜዲኬድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የሚሆን የአሜሪካ መንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ክፍያ መነጻጸር ያለበት ከግል ኢንሹራንስ ጋር ብቻ ሳይሆን ከባዶ ኪስም ጋር ነው። በ1986 የወጣው የአሜሪካ ሕግ፣ ሜዲኬርን (በዋናነት ለአረጋውያን የሚሆነውን የመንግሥት ኢንሹራንስ) የሚቀበል ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የመጣን ሰው መክፈል ቻለም አልቻለም መርምሮ እንዲያረጋጋው ያስገድዳል።

ለምሳሌ ሕክምናው ሆስፒታሉን 1,000 ዶላር አስወጣው እንበል። ኢንሹራንስ የሌለው ታካሚ 50 ዶላር ከከፈለ፣ ኪሳራው 950 ነው። ሜዲኬድ 800 ቢከፍል ኪሳራው ወደ 200 ይወርዳል። አሁንም ኪሳራ ነው፤ ግን የተረፈው 750 ዶላር በብዙ ታካሚ ሲባዛ የነርሶች ደሞዝ ይሆናል። ለትርፍ ያልተቋቋመ ትንሽ ሆስፒታል ደግሞ ክፍተቱን የሚሸፍንበት ብዙ መጠባበቂያ የለውም። በተቃራኒው፣ ታካሚው ቀድሞ 1,300 የሚከፍል የግል ኢንሹራንስ ኖሮት ወደ ሜዲኬድ ከዞረ ሆስፒታሉ ይጎዳል። ይህም መዘንጋት የለበትም።

እርግጠኛው ነገር፦ ከ2012ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ ሜዲኬድን ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ተጨማሪ አዋቂዎች ማስፋፋቱ የየስቴቱ ምርጫ ነው። ቨርጂኒያ በ2019 አስፋፍታለች፤ ቴክሳስ አላስፋፋችም። ስለዚህ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ያለ ዘመድ የነገራችሁ ዳላስ፣ ቴክሳስ ላይ አይሠራም። የክፍያው መጠን ከስቴት ስቴት፣ ጥቅሙም እንደየሆስፒታሉ ታካሚዎች ይለያያል።