ስለ ምጽዋት በልማድ የያዝናቸው ስሕተቶችና እውነታው

በንግሥ ቀን በሰሜን ሸዋ አድባራት በር ላይ ሳንቲም የሚዘረዝሩ ሰዎች ጨርቅ ዘርግተው ይቀመጣሉ። ምእመኑ ብሩን አስመንዝሮ በተደረደሩት ነዳያን ፊት እያለፈ ለእያንዳንዱ ጠብ ያደርጋል። ቀና ብሎ የተቀባዩን ፊት የሚያይ ግን ጥቂት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስሕተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ሳያዩ ከመስጠት ነው።

«በላዔ ሰብእ በጥርኝ ውኃ ድኗል፤ እኔም አንድ ብር ይበቃኛል»

የካቲት 16 ቀን የኪዳነ ምሕረት ዕለት ይህ ታሪክ ያልተነገረበት ደብር አይገኝም። 78 ሰው የበላው ሰው በእመቤታችን ስም ለለመነው ጥሙ ለጸናበት ድውይ ጥርኝ ውኃ ሰጠ። ታሪኩ የሚመሰክረው የቃል ኪዳኗን ታላቅነት ሲሆን፣ እኛ ግን የጽድቅ ዋጋ ተመን አድርገነዋል። ሰውየው ለተጠማ የሰጠው ውኃ መሆኑንም እንዘነጋለን። በንግሥ ማግሥት ነዳያን የተትረፈረፈውን ዳቦ ቆራርሰው በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ፀሐይ ሲያስመቱት፣ ድርቆሽ ሊያደርጉት መሆኑን ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። በአንድ ቀን የሁሉም ዝክር ይመጣል፤ ጎተራ በሚራቆትበት በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ የሚመጣ የለም። ከዝክሩ ወጪ ከፍሎ ለክረምት ያስቀመጠ የጽዋ ማኅበር ጽዋውን አላቃለለም።

«ጤነኛ ሰው ሠርቶ ይብላ፤ ጳውሎስም ብሏል»

ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈው «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» ብሎ ነው። ቃሉ የሚገሥጸው መሥራት የማይወደውን እንጂ ሥራ ያጣውን አይደለም። ከወለጋ ተፈናቅለው በደብረ ብርሃን መጠለያዎች የሚኖሩት ገበሬዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ በቆሎ ሲያመርቱ የኖሩ ናቸው። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል ሱቁ የወደመበት ነጋዴም ስንፍናው አይደለም ለልመና ያበቃው።

ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ አልዓዛርና ስለ ባለጠጋው ሲያስተምር፣ መጽዋች እንደ ወደብ ነው ይላል፤ ወደብ መርከቡ የተሰበረበትን ሁሉ ክፉ ደግ ሳይለይ ይቀበላል። እንግዲህ የለማኙን ኃጢአት መመርመር የእኛ ሥራ አይደለም። የችግሩን ዓይነት ማወቅ ግን ሌላ ነገር ነው። በአውቶቡስ መናኸሪያ የሐኪም ወረቀት ይዞ የሚለምን ሰው ቢያጋጥማችሁ፣ ጥርጣሬ ካደረባችሁ አትሳደቡ፤ አብራችሁት መድኃኒት ቤት ሂዱና ግዙለት። እውነተኛ ከሆነ መድኃኒቱን አገኘ፤ ካልሆነ ራሱ ይቀራል።

«በስውር ስጥ ተብሏል፤ ደረሰኝ መጠየቅ እምነት ማጣት ነው»

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው በዚህኛው ነው። «ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ» የሚለው ቃል የተነገረው ሰው እንዲያያቸው በፊታቸው መለከት ለሚያስነፉ ነው። የጌታችን ትምህርት የሚነቅፈው ውዳሴ ከንቱን ነው፤ ስለ ሒሳብ መዝገብ የተናገረው የለም። ጳውሎስ ራሱ በኢየሩሳሌም ላሉ ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም። ማንም እንዳይነቅፋቸው፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካም የሆነውን እናስባለን ብሎ ቲቶንና አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ወንድም ልኳል። ከዚያም በፊት በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ የአንዳንድ መበለቶች የዕለት እርዳታ ቸል ተብሎ ጉርምርምታ ሲነሣ፣ ሐዋርያት ሰባት ሰዎች አስመርጠው ለዚያ አገልግሎት ሾሙ። የሚያጉረመርሙትን «እምነት የላችሁም» አላሏቸውም።

ስለዚህ ከደሴ መንገድ ዳር ዣንጥላ ዘርግተው «ለሕንፃ ማሠሪያ» የሚሉትን የወረዳው ቤተ ክህነት ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ማሳየት ይችሉ እንደሆነ በትሕትና መጠየቅ ኃጢአት የለበትም። ለችግረኛ የሚሰበስብ ማኅበርም ገንዘቡን በአንድ ሰው የግል ሒሳብ ሳይሆን በጣምራ ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ቢያስቀምጥ ለሰብሳቢዎቹም ከሐሜት መዳኛ ነው።

መለከቱ ደግሞ ዛሬም አለ። አምስት ሊትር ዘይትና አንድ እሽግ ፓስታ ተቀብላ፣ ስልክ ተደቅኖባት ስሟንና ችግሯን እንድትናገር፣ ቢቻል እንድታለቅስ የምትጠበቅ እናት አይታችኋል። ለጋሹ መረጃ ከፈለገ የዕቃው ፎቶግራፍና የፈረመችበት ወረቀት ይበቃዋል። ፊቷ ለምን ያስፈልገዋል?

«ዐሥራቴን አውጥቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ የእኔ ነው»

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 በየሦስተኛው ዓመት የሚወጣውን ዐሥራት ለሌዋዊው ብቻ አይተወውም፤ መጻተኛውም፣ ወላጅ የሌለውም፣ መበለቲቱም በልተው ይጠግባሉ። ዐሥራት ከምጽዋት ነጻ የሚያወጣ ግብር አይደለም።

«ያረጀ ልብስም ለድሃ ልብስ ነው»

ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የኅዳር ሌሊት ውርጭ ሳስቶ ብርሃን ለሚያሳልፍ ሸሚዝ አይመለስለትም። ሦስት ሸሚዝ ከመስጠት አንድ ብርድ ልብስ ወይም የመንዝ ባና ይሻላል።

«ዘመድን መርዳት ምጽዋት አይቈጠርም»

ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፣ በቤታቸው መበለቶች ያሏቸው ምእመናን ራሳቸው ይርዷቸው፣ ቤተ ክርስቲያንም ረዳት የሌላቸውን ትርዳ ብሏል። አዲስ አበባ ላይ በየወሩ ነዳያን የሚያበላ ልጅ፣ መሐል ሜዳ ያለችው አክስቱ የገብስ ዘር በአራጣ መበደሯን ከሰው አፍ ከሰማ ተራው ተዛብቷል። ከማኅበሩ ድግስ በፊት ደውሎ ቢጠይቃት ደግ ነው፤ ዘሩ እንዲደርስላትም ከሰኔ በፊት ቢልክላት።