በማስረጃ የተደገፈ አመዛዛኝ ድርሰት ማስተማር በመሃል አዲስ አበባ

አመዛዛኝ ድርሰት አከራካሪ ጉዳይ አንስቶ፣ አቋም ይዞ፣ አቋሙን በማስረጃ አስደግፎ አንባቢን ለማሳመን የሚጻፍ ነው። በአማርኛ ትምህርት ከተራኪ፣ ከገላጭና ከስዕላዊ ድርሰት ጋር አብሮ ይሰጣል፤ ከአራቱ ከባዱም እሱ ነው።

ሙግት ለአገሬው እንግዳ አይደለም። በበላ ልበልሃ፣ በጥንቱ የቃል ችሎት ሥርዓት፣ ከሳሽና ተከሳሽ «ተጠየቅ!» «ልጠየቅ!» እየተባባሉ፣ በቅሎ ወይም ማር እየተወራረዱ ሲሟገቱ አንደበተ ርቱዕነት ብቻውን አይበቃም፤ እማኝ መቁጠር ነበረባቸው። ያ የቃል ሙግት ለጽሑፉ መሠረት ሆኗል ወይ የሚለው ያከራክራል። መርታት፣ መረታት፣ እማኝ የሚሉት ቃላት ግን ከችሎት ወደ መማሪያ ክፍል የገቡ መሆናቸው ግልጽ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900ዎቹ መጀመሪያ ሲከፈት ትምህርቱ ባመዛኙ ቋንቋ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ኋላም ተቋሙ ወደ 6 ኪሎው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ገባ። ምንጭ ጠቅሶ መጻፍ፣ በእንግሊዝኛም ቢሆን፣ ሥር የሰደደው እዚያ ግቢ ነው ማለት ማጋነን አይሆንም። ዛሬ ሎጂክ ለአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በጋራ ይሰጣል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግን በምርጫ ጥያቄ ስለሆነ ድርሰት አይታረምበትም፤ በሁለተኛ ደረጃ የድርሰት ትምህርቱ በመምህሩ ትጋት ላይ የተንጠለጠለው ለዚህ ነው።

ማስተማሩ ከአቋሙ ዓረፍተ ነገር ይጀምራል። መፈተኛው «ይህን የሚቃወም ሰው አለ?» የሚለው ጥያቄ ነው። «ትራንስፖርት ለከተማ ሕይወት አስፈላጊ ነው» የሚለውን ማንም አይቃወምም፤ ስለዚህ አቋም አይደለም። «ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ከፒያሳ ወደ 4 ኪሎ ለአውቶቡስ ብቻ የሚሆን መስመር ሊለይ ይገባል» ቢባል ግን የሚኒባስ ሾፌሩም ባለሱቁም ይነሱበታል። ዓረፍተ ነገሩ ላይ «ምክንያቱም» ተጨምሮ ሐረጉ ካልሞላ ተማሪው ገና አላሰበበትም።

ከዚያ ማስረጃ ይለቀማል። አንድ ሉክ ወረቀት ለአራት ተቀዶ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ አንድ ማስረጃ ብቻ ይሰፍራል፤ ከፊቱ የምንጩ ቃል እንዳለ፣ ከጀርባው የተማሪው አባባል፣ ከግርጌ ምንጩና ቀኑ። ለ250 ቃል ድርሰት ሦስት ወይም አራት ቁራጭ ይበቃል። መሃል ከተማው ለዚህ የታደለ ነው፦ በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር፣ በ2014 ዓ.ም. 4 ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት፣ 6 ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም፣ ሁሉም በእግር ይደረሳሉ። አደባባይ ቆሞ መኪና መቁጠርም ማስረጃ ነው፤ በሦስት የሥራ ቀናት፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ለ15 ደቂቃ። አንድ ቅዳሜ ብቻ ቆጥሮ ስለ ሥራ ቀን የሚጽፍ ተማሪ አይጠፋም።

ዘመን አቆጣጠር የተለመደ ወጥመድ ነው። የሕዝብና ቤት ቆጠራው የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን በእንግሊዝኛ ሰነድ ላይ 2007 ተብሎ ይገኛል። ተማሪው «እ.ኤ.አ.» ሳይል «በ2007 በተደረገው ቆጠራ» ብሎ ሲገለብጥ አኃዙን ስምንት ዓመት ወደፊት ወሰደው ማለት ነው።

ሌላው እንቅፋት የአማርኛ አነጋገር ነው። ግሣችን ከመጨረሻ ስለሚመጣ «ብለዋል» እስኪደረስ ድረስ የሚናገረው ጸሐፊው ይሁን ምንጩ አይለይም። ጥቅሱ አራት መስመር ሲረዝም አንባቢ የሌላውን ሰው አቋም የተማሪው አድርጎ ያነበዋል። መድኃኒቱ ምንጩን ከፊት ማስቀደም ነው፦ «ቢሮው እንደሚለው…»። «ይባላል» እና «ጥናቶች እንደሚያሳዩት» ባለቤት ስለሌላቸው ይሰረዛሉ።

ምሳሌያዊ አነጋገር ለብቻው ይታያል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ ነጥቡን የረታ የሚመስለው ተማሪ ብዙ ነው። ሰሌዳው ላይ «ዝም አይነቅዝም» ይጻፍና ከሥሩ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይከተላል። ሁለቱም የአባቶች ቃል ናቸው፣ ይጣላሉ። ተረት ለመግቢያ ያምራል፤ እማኝ ሆኖ ግን አይቆጠርም።

አብዛኛው ድርሰት የሚወድቀው ማስረጃ አጥቶ ሳይሆን ማሰሪያ፣ ማለትም ማስረጃውን ከአቋሙ ጋር የሚያገናኝ ዓረፍተ ነገር፣ አጥቶ ነው። «በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ስለዚህ የአውቶቡስ መስመር ይለይ» ሲባል መካከሉ ባዶ ነው። ሕዝብ መብዛቱ ብቻውን መንገድ አስፉም ያሰኛል። «አንድ አውቶቡስ የበርካታ ሚኒባሶችን ተሳፋሪ በትንሽ የመንገድ ስፍራ ይይዛል» የሚለው ሲገባ ነው አኃዙና አቋሙ የሚገናኙት። ቁጥሩ አሮጌ መሆኑም እዚያው መነገር አለበት፤ ተቃዋሚው ቀድሞ ካነሳው ጸሐፊው ተረታ ማለት ነው። ለአንድ ማስረጃ ሁለት የማሰሪያ ዓረፍተ ነገር ጥሩ ልክ ነው።

ተማሪ በበዛበት ክፍል መምህሩ ሁሉንም ረቂቅ ማረም አይችልም። ስለዚህ ዴስክ የሚጋሩት ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ጓደኛው ማስረጃ የጎደለው ዓረፍተ ነገር ላይ «ተጠየቅ!» ይላል፤ አንባቢው ቁራጩን አውጥቶ ያሳያል፣ ወይም ዓረፍተ ነገሩን ይሰርዛል። አስር ደቂቃ አይፈጅም። መምህሩ ከ20 ሲያርም ለአቋም 4፣ ለማስረጃ 6፣ ለማሰሪያ 7፣ ለቋንቋና ለእጅ ጽሑፍ 3 ቢይዝ ይመከራል። ለቋንቋ 10 የተሰጠበት ክፍል ውስጥ በሁለተኛው ድርሰት ተረቱ ይበዛል፣ ቁራጮቹም ደብተር ውስጥ ይቀራሉ።