በሲ ቋንቋ ፎልደር ውስጥ ለውስጥ ሲዞሩ ፋይሎችን መደርደር፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

በሲ የተጻፈ ፕሮግራም ከአንድ ፎልደር ተነስቶ ንዑስ ፎልደሮቹን ሁሉ ሲያዳርስ፣ ስሞቹን በየትኛው ቅደም ተከተል ያወጣል? ፕሮግራመሩ ራሱ ካልደረደራቸው፣ እንደመጡ ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን የፋይሎቹ ስም በአማርኛ ሲሆን ሌላ ወግ ይመጣል፤ በዚህ ላይ የተጻፈ የአማርኛ ማጣቀሻ ደግሞ እንደልብ አይገኝም። ይህ ዳሰሳ በደሴና በኮምቦልቻ ሲ ለሚማሩና ለሚያስተምሩ እንዲሆን ተብሎ፣ በአብዛኛው ከፖዚክስ (ዩኒክስ መሰል ሲስተሞች ከሚጋሩት መስፈርት) እና ከሊኑክስ ማን ፔጆች (የመመሪያ ገጾች) የተጠናቀረ ነው። ምሳሌዎቹ የወሎ ናቸው።

ዝብርቅርቁ ከየት ይመጣል

በሲ ፎልደር የሚከፈተው በኦፕንዲር ነው። ከዚያ ሪድዲር በተጠራ ቁጥር አንድ ስም ይሰጣል። ስሞቹ ሲያልቁ ናል ይመልሳል። ፖዚክስ ስለ ቅደም ተከተሉ ምንም ቃል አይገባም። የሚመጣው ፋይል ሲስተሙ እንዳስቀመጠው ነው።

ብዙ የሊኑክስ ማሽኖች ላይ ያለው ፋይል ሲስተም፣ ኤክስት4፣ ስሞቹን የሚያደራጀው በሃሽ (ከስሙ ተሰልቶ በሚወጣ ቁጥር) ነው። የሃሹ መነሻ ቁጥር ደግሞ ዲስኩ ፎርማት ሲደረግ የሚመረጥ ነው። ስለዚህ ያንኑ ፎልደር ወደ ሌላ ዲስክ ቢገለብጡት ቅደም ተከተሉ ሊለወጥ ይችላል። አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን፣ በየፎልደራቸው ያስቀመጠ ሰው ላፕቶፑ ላይ አምባሰል ቀድሞ ሰርቨሩ ላይ አንቺሆዬ ቢቀድም ሊገርመው አይገባም። (የቅኝቶቹ መገኛ ወሎ ነው። እዚህ አገር ይህን የሚከራከር አይገኝም።)

ከየት ተነሳ

እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ ዕትም ፎልደር ማለት ተራ ፋይል ነበር። እያንዳንዱ መዝገብ 16 ባይት ነው። 2ቱ ባይት የአይኖድ ቁጥር (ፋይሉ ዲስኩ ላይ የሚለይበት) ነው፣ 14ቱ ስም። ፕሮግራሞች በቀጥታ ከፍተው ያነቡት ነበር። ዛሬ አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን በባይት በሚጽፈው አሠራር) 3 ባይት ይይዛል። በዚያ ሂሳብ ላሊበላ 12 ባይት ስለሆነ ይገባ ነበር። ኮምቦልቻ ግን 15 ባይት ሆኖ በአንዲት ባይት ይቀራል። በ1983 የበርክሊው ዩኒክስ፣ 4.2ቢኤስዲ፣ ኦፕንዲርንና ሪድዲርን አመጣ። የስም ርዝመትም ወደ 255 ባይት ሰፋ፤ በአማርኛ 85 ፊደል መሆኑ ነው። ፎልደርን ውስጥ ለውስጥ የሚያዳርሰው ኤፍቲኤስ በኋላ የተጨመረ ነው።

አሰራሩ

የተለመደው መንገድ ይህ ነው። ፎልደሩ ይከፈታል፣ ስሞቹ በሙሉ ወደ አንድ አሬይ ይገባሉ፣ ፎልደሩ ይዘጋል። ከዚያ አሬዩ በኪውሶርት ይደረደራል። በመጨረሻ በተደረደረው ላይ እየተሄደ፣ ፎልደር ሆኖ የተገኘው ላይ ፈንክሽኑ ራሱን ይጠራል። አንድ ነጥብና ሁለት ነጥብ የሚባሉት ስሞች መዘለል አለባቸው። ካልተዘለሉ ፕሮግራሙ እዚያው ሲሽከረከር ይውላል።

እዚህ ላይ ጀማሪ የሚወድቅባቸው ቦታዎች አሉ። የመጀመሪያው የሪድዲርን ፖይንተር እንዳለ አሬይ ውስጥ መክተት ነው። ሪድዲር በሚቀጥለው ጥሪ ያንኑ ቦታ ሊጽፍበት ይችላል። ስለዚህ ስሙ በስትርዱፕ መገልበጥ አለበት። ሁለተኛው የኪውሶርት ማወዳደሪያ ፈንክሽን ነው። አሬዩ የፖይንተሮች አሬይ ስለሆነ ለማወዳደሪያው የሚደርሰው ስሙ ሳይሆን ወደ ስሙ የሚወስደው ፖይንተር አድራሻ ነው። ይህን ረስቶ በቀጥታ ስትርኮምፕን (ሁለት ስም ባይት በባይት የሚያወዳድረውን) የጠራ ሰው ኮዱ ያለ ምንም ስህተት ኮምፓይል ሊሆንለት ይችላል፤ የሚያወዳድረው ግን የፖይንተሮቹን ባይት ነው። ውጤቱ የተደረደረ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ለመያዝ የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው።

ሦስተኛው የመዝገቡ ዓይነት ነው። አንዳንድ ፋይል ሲስተም ፎልደር ይሁን ፋይል ሳይናገር «አይታወቅም» ብሎ ይመልሳል። ያኔ ስለ ፋይሉ የሚነግረውን ኤልስታትን መጥራት ግድ ነው። ስታት ቢጠራ ሲምቦሊክ ሊንክን (ወደ ሌላ ቦታ የሚጠቁም ፋይልን) ተከትሎ ይሄዳል፣ ሊንኩ ወደ ላይ የሚመልስ ከሆነም ዙሩ ማለቂያ ያጣል።

ፎልደሩን ዘግቶ መቀጠሉ ተጨማሪ ጥቅም አለው። ብዙ ሊኑክሶች ላይ አንድ ፕሮግራም በአንዴ ከፍቶ መያዝ የሚችለው ፋይል በነባሪ 1024 ነው። በየደረጃው ፎልደሩን ክፍት እያደረገ የሚወርድ ፕሮግራም ጥልቀቱ ሲበዛ ከዚህ ገደብ ጋር ይላተማል። ዋጋው ሜሞሪ ነው፤ የአንድ ፎልደር ስሞች በሙሉ ሜሞሪ ላይ መቀመጥ አለባቸው።

ይህን ሁሉ ራሱ መጻፍ የማይፈልግ ሰው ስካንዲርን ይጠራል። አንብቦ፣ አጣርቶ፣ ደርድሮ ይመልሳል። ውስጥ ለውስጥ ግን አይወርድም፣ መውረዱ የጠሪው ሥራ ነው። ኤንኤፍቲደብልዩ ተቃራኒው ነው፤ ይወርዳል፣ አይደረድርም። ኤፍቲኤስ ሁለቱንም ይሠራል። ሲከፈት የማወዳደሪያ ፈንክሽን ይቀበላል፣ ናል ከተሰጠው ግን እንደመጣ ያወጣል።

የአማርኛ ስሞች

ዩኒኮድ (ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ መስፈርት) የኢትዮጵያን ፊደል ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 ዕትሙ ነው። ቅደም ተከተሉ የሀ ለ ሐ መ ነው። የዩቲኤፍ-8 ባይቶችም የዩኒኮድን ቁጥር ቅደም ተከተል ጠብቀው ይሄዳሉ። ስለዚህ ስትርኮምፕ አማርኛ ሳያውቅ አማርኛን በአግባቡ ይደረድራል። አራቱ ቅኝቶች ባቲ፣ ትዝታ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ሆነው ይወጣሉ። ከተሞቹም ላሊበላ፣ ሐይቅ፣ መርሳ፣ ቆቦ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያ፣ ደሴ እያሉ ይሰለፋሉ።

የሚያስቸግሩት ሞክሼ ፊደላት ናቸው። ሐይቅን በሐመሩ ሐ የጻፈ ከላሊበላ ቀጥሎ ያገኘዋል። በሃሌታው ሀ የጻፈ ከሁሉ ፊት ያገኘዋል። በብዙኃኑ ኃ የጻፈ ደግሞ ከቆቦ አሳልፎ ከኮምቦልቻ በፊት ያገኘዋል። ሦስት ሰው ፎቶ ስካን አድርጎ አንድ ሰርቨር ላይ ሲያስገባ አንዱ ሐይቅ ሦስት ሐይቅ ይሆናል ማለት ነው። መፍትሔው ማወዳደሪያው ውስጥ ሞክሼዎቹን ወደ አንድ ቀይሮ ማወዳደር ነው። ከቀየሩ በኋላ እኩል ከሆኑ ዋናዎቹን ባይቶች ማወዳደር ያስፈልጋል። ኪውሶርት እኩል የሆኑትን በነበሩበት ተራ ለማስቀመጥ አይገደድምና፣ ያለዚያ ውጤቱ ከማሽን ማሽን ሊለያይ ይችላል።

ቁጥር ላይ የግዕዙ ይበልጣል። ብራና ገጽ በገጽ ፎቶ ተነስቶ፣ ለምሳሌ እንደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ካለ ገዳም፣ ፋይሎቹ «ቅጠል-1»፣ «ቅጠል-2» እየተባሉ ቢሰየሙ ስትርኮምፕ «ቅጠል-10»ን ከ«ቅጠል-2» ያስቀድማል። «ቅጠል-፪» እና «ቅጠል-፲» ቢባሉ ግን ተራቸውን ይይዛሉ። ግዕዝ ለአሥሮቹ የራሳቸው ምልክት አለው፣ ዩኒኮድም ከ፩ እስከ ፻ በመጠናቸው ተራ አስቀምጧቸዋል። ይህ እስከ ፻፺፱ ድረስ አንድም ሳይዛነፍ ይሠራል። ፪፻ ላይ ይበላሻል፤ በ፪ ስለሚጀምር ከ፪ ቀጥሎ ይሰካል። ከዚያ በላይ ገጽ ያለው፣ ወይም በተለመደው ቁጥር መጻፍ የሚመርጥ፣ 001 እያለ በዜሮ ይሙላ። የጂኤንዩ ቨርዥንሶርትም 10ን ከ2 ኋላ ማስቀመጥ ያውቃል።

ማወዳደሪያውን ራሱ በእጁ የሚጽፍ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። በተለመዱት የኢንቴል ማሽኖች ላይ ቻር (አንድ ባይት የሚይዘው የሲ ዓይነት) አሉታዊ ቁጥርም ይይዛል። የአማርኛ ባይቶች ሁሉ ከ127 በላይ ስለሆኑ አሉታዊ ሆነው ይነበባሉ። ውጤቱ ደሴ ከእንግሊዝኛው ኤ ፊት መውጣቱ ነው። ያው ኮድ አርም ሊኑክስ ላይ ሲሄድ ደሴ ወደ ኋላ ይመለሳል። ስትርኮምፕ ባይቶቹን ሁልጊዜ አዎንታዊ አድርጎ ስለሚያወዳድር ይህ ችግር የለበትም።

ስትርኮምፕ ወይስ ስትርኮል (በቋንቋው ሥርዓት የሚያወዳድረው) የሚለው ያከራክራል። ከስካንዲር ጋር የሚመጣው ማወዳደሪያ፣ አልፋሶርት፣ በዛሬው መስፈርት የሚጠቀመው ስትርኮልን ነው፣ እሱም የሚታዘዘው ለሎኬል (ለማሽኑ የቋንቋና የአገር ምርጫ) ነው። ፕሮግራሙ ይህን ምርጫ የሚያነቃውን ሴትሎኬልን ካልጠራ ሁለቱ አንድ ዓይነት ውጤት ይሰጣሉ። ከጠራ ግን ያው ፕሮግራም በሁለት ሰው ማሽን ሁለት ዓይነት ሊደረድር ይችላል። ሰው የሚያየው ዝርዝር ከሆነ ስትርኮል ይሁን ሊባል ይችላል። ሌላ ፕሮግራም የሚያነበው ከሆነ ስትርኮምፕ ነው፣ አለቀ።

ስሙን ነው ወይስ ሙሉ ፓዙን?

ብዙ ሰው መጀመሪያ ሁሉንም ፓዝ (ከመነሻው ፎልደር ጀምሮ ያለውን የፋይሉን አድራሻ) ሰብስቦ መጨረሻ ላይ መደርደር ያው ነው ይላል። አይደለም። «ደሴ» የሚባል ፎልደርና «ደሴ-2» የሚባል ሌላ አለ እንበል። በየፎልደሩ ከተደረደረ ደሴ ይመጣል፣ የውስጡ ፋይሎች ይከተላሉ፣ ከዚያ ደሴ-2። ሙሉ ፓዝ በስትርኮምፕ ከተደረደረ ግን ሰረዝ 45 ቁጥር፣ ስላሽ 47 ቁጥር ስለሆነ፣ ደሴ-2 በደሴና በልጆቹ መካከል ይገባል። የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት የፎልደሮቹን ዛፍ ሲደረድር ፎልደሮችን ስማቸው መጨረሻ ላይ ስላሽ እንዳለ ቆጥሮ ነው የሚያወዳድረው።

ተራው የሚያስፈልገው ለዓይን ብቻ አይደለም። ከአንድ ሶርስ ኮድ ሁለት ጊዜ ቢልድ ተደርጎ ባይት በባይት አንድ ዓይነት ውጤት እንዳይገኝ ከሚያደርጉት የታወቁ ምክንያቶች አንዱ ያልተደረደረ ሪድዲር ነው። ፋይሎችን ወደ አንድ የሚጠቀልለው የጂኤንዩ ታር ከ1.28 ዕትም (እ.ኤ.አ. 2014) ጀምሮ በስም የመደርደር አማራጭ ያለው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው። ዲስኦርደርኤፍኤስ የሚባል ፋይል ሲስተም ደግሞ ሆን ብሎ ስሞቹን ይበውዛል፣ ፕሮግራሙ እንደመጣ በሚሰጠው ላይ ተማምኖ እንደሆነ ለማጋለጥ።

በስም ሳይሆን በአይኖድ ቁጥር መደርደርም አለ። ፋይሎቹን አንድ በአንድ ኤልስታት ማድረግ ወይም ማጥፋት ሲያስፈልግ፣ በሃሽ ተራ መሄድ የሚሽከረከረውን ዲስክ ወዲያ ወዲህ ያመላልሰዋል። የጂኤንዩ ኤፍቲኤስ በአንዳንድ ፋይል ሲስተም ላይ አንድ ፎልደር ከ10,000 በላይ መዝገብ ሲኖረው፣ ማወዳደሪያ ካልተሰጠው፣ ራሱ በአይኖድ ይደረድራል።

ዊንዶውስ ላይ ኤንቲኤፍኤስ የተባለው ፋይል ሲስተም ስሞቹን አብዛኛውን ጊዜ ደርድሮ ይሰጣል፣ በፋት ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ በተጻፉበት ተራ ይመጣሉ። ላፕቶፑ ላይ ሲሠራ የከረመ ፕሮግራም ፍላሽ ሲሰካ የሚዘባርቀው አንዳንዴ በዚህ ነው።