ቡፕረኖርፊን ምንድን ነው?

የሄሮይን፣ የፌንታኒል ወይም እንደ ኦክሲኮዶን ያለ የሕመም ማስታገሻ ሱስ ለያዘው ሰው፣ አሜሪካ ውስጥ ሐኪም የሚያዝለት ከሦስት መድኃኒቶች አንዱን ነው፤ ሜታዶን፣ ናልትሬክሶን ወይም ቡፕረኖርፊን። የመጨረሻውን ብዙ ሰው የሚያውቀው ሰቦክሶን በሚለው የንግድ ስሙ ነው።

ሄሮይን አንጎል ውስጥ ያለውን፣ ኦፒዮይድ የሚባሉት እነዚህ ዕፆች የሚያርፉበትን ተቀባይ ሙሉ በሙሉ ይቀሰቅሳል፤ ቡፕረኖርፊን ግን በከፊል ብቻ። ዕፁ ሲቋረጥ የሚመጣውን ላብ፣ ተቅማጥ፣ ቁርጥማትና እንቅልፍ ማጣት ያስታግሳል፤ ሱሰኛ ለሆነ ሰው ግን ምርቃናው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። መጠኑ ቢጨመርም ኃይሉ ከተወሰነ ደረጃ አያልፍም። ስለዚህ ከአልኮል ወይም ከእንቅልፍ ክኒን ጋር ካልተቀላቀለ በስተቀር ትንፋሽ የማቆም አደጋው ከሌሎቹ ኦፒዮይዶች ያነሰ ነው።

ችግሩ አጀማመሩ ላይ ነው። ቡፕረኖርፊን ተቀባዩን አጥብቆ ስለሚይዝ ቀድሞ የተቀመጠውን ኦፒዮይድ ገፍቶ ያስወጣዋል። ሄሮይኑ ከሰውነቱ ሳይወጣ የቸኮለ ሰው ወዲያው በከባድ ሕመም ይወድቃል፤ መድኃኒቱንም ይጠላዋል። ለዚህ ነው ሐኪሞች ዕፁ ሲቋረጥ የሚመጡት ምልክቶች እስኪጀምሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት፣ የሚያስጠብቁት። ፌንታኒል ከሆነ ሊረዝም ይችላል።

ከምላስ ሥር ተደርጎ እስኪሟሟ ይጠበቃል እንጂ አይዋጥም፤ ከተዋጠ አብዛኛውን ጉበት ያጠፋዋል። ጥርስን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ከሟሟ በኋላ አፍን በውኃ መጉመጥመጥ፣ ለመቦረሽ ደግሞ አንድ ሰዓት መቆየት ያስፈልጋል። በወር አንዴ የሚሰጥ መርፌም አለ።

ሜታዶን የተለየ ፈቃድ ካለው ክሊኒክ ነው የሚወሰደው፣ መጀመሪያ ላይ ብዙውን ጊዜ በየቀኑ እየተመላለሱ። ናልትሬክሶን ተቀባዩን ይዘጋል፤ ለመጀመር ግን ከ7 እስከ 10 ቀን ከኦፒዮይድ መራቅን ይጠይቃል። ቡፕረኖርፊን ለማዘዝም ሐኪሙ ልዩ ፈቃድ ማውጣት ነበረበት፤ ከጥር 2023 ወዲህ ግን ቀርቷል።

“ሱስን በሱስ መተካት ነው” የሚሉ ቤተሰቦች አሉ። ሰውነት መድኃኒቱን መልመዱ እውነት ነው፤ ግን ሰውዬው ሥራ ይገባል፣ ልጁን ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ በመርፌ ከሚመጣ በሽታም ይጠበቃል። ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ሁሉን አስጥሎ ለሳምንታት ጠበል ብቻ ማስገባት ነው። ጠበሉ ከመድኃኒቱ ጋር አይጣላም፤ አቡነ ጳውሎስም የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረው ነበር። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ግን ሰውነት የቀድሞውን መጠን የመቋቋም ልምዱን ያጣል፤ ተመልሶ የድሮውን ያህል የወሰደ ሰው ሊሞት ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ያለበት ቤት ናርካን የሚባለውን፣ ከመጠን በላይ ኦፒዮይድ የወሰደን ሰው ትንፋሽ የሚመልስ የአፍንጫ ርጭት ማስቀመጥ አለበት፤ ከ2023 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል።